አርባ ስድስት ቁጥር የወረደበት ክረምት

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

ግፊት 146 በ94።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ዶክተሬ ናት፤ የደም ግፊቴን በየጠዋቱ እንድመዘግብበት። ቁጥሩ የሚወስደው አንድ መስመር ነው። የቀረው ገጽ ባዶውን ሲያፈጥብኝ ደስ አይለኝም፤ ጊዜ ደግሞ አለኝ። ጠዋት የኩባንያ ሠራተኞችን ከሳን ሆዜ ኩፐርቲኖ አድርሼ አራግፋለሁ፣ ማታ መልሼ እወስዳቸዋለሁ። መሃሉን አምስት ሰዓት ባዶ ባስ ውስጥ ነው የምቀመጠው።

ትናንት ተሸነፍን፤ አምስት ለአንድ። ለናዖድ አሥራ አራተኛ ጨዋታው ነው። ጎል የለውም።

ለማን እንደምጽፍ ባላውቅም ከሥሩ ልጀምር። እዚህ አገር የገባሁ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራዬ የበረዶ ሆኪ ስታዲየም ጽዳት ነበር። ጨዋታው እስኪያልቅ መጥረጊያ ይዤ ደረጃው ላይ ስጠብቅ የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች አይ ነበር። መጀመሪያ ላይ በዱላ የሚመቷት ፓኳ ራሷ አትታየኝም፤ ትንሽ ጥቁር ነገር ናት፣ ጎል መግባቱን የማውቀው ሰው ሲጮህ ነው። በሦስተኛው ወር ዓይኔ ለመደ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ጨዋታ አይጥመኝም። አሁን ላይኛው ፎቅ ላይ ሁለት ወንበር አለን፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የጋሽ ኃይለየሱስ። እሳቸው አዲስ አበባ የአማርኛ መምህር ነበሩ፤ እዚህ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ጎን ለጎን ስንቀመጥ ዘጠነኛ ዓመታችን ነው።

ናዖድ ሆልም አርባ ስድስት ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ሚኒሶታ የሚኖሩ ባልና ሚስት በማደጎ ወሰዱት። ስሙን አልቀየሩበትም። ቡድናችን ከሦስት ዓመት በፊት በመጀመሪያው ዙር ሲመርጠው ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባለቤቴ ፅጌረዳ ሰው የሞተብኝ መስሏት ሮጣ መጣች። በማግስቱ “ሆኪ በአማርኛ” የሚል የፌስቡክ ገጽ ከፈትኩ። ዛሬ አራት ሺህ ተከታይ አለው። በሕይወታቸው በረዶ ረግጠው የማያውቁ ሐበሾች “የኛ ልጅ እንዴት አደረ?” ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው።

ሁለት ዓመት ታችኛው ሊግ ካበሰሉት በኋላ ዘንድሮ ነው ያመጡት። የጠበቅነው ዓመት ነው።

ኖቬምበር 11

ቸኩያለሁ። ሁለተኛው ፒሪየድ ላይ፣ ከሦስቱ ክፍለ ጊዜ መካከለኛው፣ ግብ ጠባቂው ወደቀ፣ ጎሉ ባዶ ሆነ፣ ናዖድ ብቻውን። ብረቱን መታው። ስታዲየሙ በአንድ ጊዜ አቃሰተ። ከኋላችን የሚቀመጠው ጺማም ሰውዬ “ሴንድ ዳውን አድርጉት” አለ፤ ወደ ታች መልሱት ማለቱ ነው። “እውነቱን ነው” አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ጋሽ ኃይለየሱስ ዞር ብለው አዩኝ።

ኖቬምበር 16፣ እሑድ

ግፊት 151 በ96።

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ጥሩነህ አገኘኝ። ኦክላንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ ያለው ነው። ባለፈው ዓመት ናዖድን እንዳስተዋውቀው ለምኖኝ ነበር፤ አላውቀውም ብዬ ብነግረው አላመነኝም። ዛሬ ሰው መሃል “ያ የበረዶ ልጅህ እንዴት ነው?” አለኝ።

“እየለመደ ነው” አልኩት።

“እኛና በረዶ ምን አገናኘን? ቀድሞም እኮ ነግሬሃለሁ።”

ሰው ሳቀ። አልነገረኝም፤ ምንም ነግሮኝ አያውቅም። ግን አብሬ ሳቅሁ። ቤት እስክደርስ ጥርሴን ነክሼ ነበር የነዳሁት። ፅጌ “ልጁ እኮ አንተን አያውቅህም” አለችኝ። ነገሩ ያ አይደለም። የሰው ስም ተሸክሜ ሦስት ዓመት ስዞር የኖርኩት እኔ ነኝ።

ኖቬምበር 21

አገባ። በሃያ አንደኛው ጨዋታ። ሌላ ሰው የመታት ፓክ ጫማው ላይ ነጥራ ገባች። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። እንኳን ደስ አለህ የሚል አርባ መልእክት ደረሰኝ። ጎሉን ያላዩ ሰዎች ናቸው።

ዲሴምበር 2

ዛሬ ጠዋት የቡድኑን ኮፍያ አድርጎ የሚሳፈረው ሰውዬ ሲወርድ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ “ያንተ ሰው ተኝቷል?” አለኝ። ኢንጂነር ነው። ስሙን አላውቅም፣ ስሜን አያውቅም። በሦስት ዓመት ያወራነው ስለ ናዖድ ብቻ ነው። ዱሮ ግን “ያንተ ሰው” ሲለኝ ፈገግ ብሎ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ የአሰልጣኝ ሾፌሮች ዝርዝር ተለጥፏል። ሙስጠፋ አንደኛ ላይ አለ። ባስ ወደ ኋላ ማስኬድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እኔን ሴፕቴምበር ላይ ከአሰልጣኝነት ወደ መስመር የመለሱኝ ለጊዜው ነው ብለውኛል። የሰበርኩት የባሱን የጎን መስታወት ብቻ ነው፤ ያውም ፓሎ አልቶ ያለው ዛፍ መንገዱ ውስጥ ገብቶ የበቀለ ነው።

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

ትናንት የሆነውን ልጻፈው።

ሁለት ለሁለት ነን። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቀርቷል። ናዖድ ፓኳን ከእኛ ጎል አጠገብ ይዞ መውጣት ነው ያለበት፤ ዝም ብሎ ግድግዳውን አስታክኮ ቢሰዳት ይበቃል። አቆማት። ቀና ብሎ ሰው ፈለገ። ያኔ ነጠቁት፤ ገባ፣ ተሸነፍን። ጎሉ ከገባ በኋላ በዱላው ላይ ተደግፎ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ላይኛው ፎቅ በሙሉ ጮኸበት። እኔም ጮህኩ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ እንደ ፊሽካ ጮህኩበት። ጋሽ ኃይለየሱስ “በቃ፣ አክሊሉ” አሉኝ። ሁለት ጊዜ።

እዚያው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ስለ ጨዋታው ነው። እግሩ እንደከበደ፣ ትከሻ ሲገፋው እንደሚሸሽ፣ ቡድኑ ለስሙ ሲል እንደሚያሰልፈው። ሁሉም እውነት ነው። መጨረሻ ላይ አንድ የቀልድ መስመር ጨመርኩ። ፎቶውን፣ ጎንበስ ያለበትን፣ ከላይ አደረግኩት። ስሙንም ታግ አድርጌያለሁ፤ ሁልጊዜ አደርጋለሁ፣ አማርኛ አያነብም።

ዛሬ ጠዋት ስድስት መቶ ሼር ነው። ስለ ናዖድ ደግ ስጽፍ ከሠላሳ አልፎ አያውቅም። ሁሉም የሚያወራው ስለዚያች መስመር ነው። ሳቃቸው አያባራም።

ልጄ ጽናት ስልኬ ሲጮህ ሰምታ “ዳድ፣ ምንድነው የጻፍከው?” አለችኝ። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ ፊደል አታውቅም። ስለ ጨዋታው ነው አልኳት። “ሰው ወዶታል ማለት ነው?” አለች በእንግሊዝኛ። ወዶታል አልኳት። ኮራችብኝ።

ዲሴምበር 9

ዘጠኝ መቶ። የማላውቃቸው ገጾች ወስደውታል።

ግፊት መለካት ረስቻለሁ።

ዲሴምበር 13፣ ቅዳሜ

ናዖድን ለሦስተኛ ጨዋታ አላሰለፉትም። ሳይጎዳ ነው። ሱፍ ለብሶ ከላይ ካሉት ክፍሎች በአንዱ ተቀምጦ ይመለከታል። ጋሽ ኃይለየሱስ ሦስቱንም ፒሪየድ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ተቀመጡ። በረዶውን አላዩም፤ ያን ክፍል ነው ሲያዩ ያመሹት። ሳወራቸው በ“አዎ” እና በ“እሺ” መለሱልኝ። ሲሄዱም ደህና እደር አላሉኝም። ጉንፋን ይመስለኛል። ማር ልወስድላቸው ይገባል።

ዲሴምበር 18፣ ሐሙስ

አወረዱት።

ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ስልኬ ላይ መጣ። ናዖድ ሆልም ወደ ታችኛው ሊግ ተመልሷል። አንድ መስመር ነች፤ ምክንያት የላትም።

ስታዲየሙ ኮሪደር ውስጥ ሰው ስልኩን እያየ ይስቃል። ቢራ ወረፋ ላይ አንዱ “በጊዜው” አለ፣ ሌላው “ሁለት ወር ዘግይቷል” አለ። አንዲት ሴትዮ ብቻ “ገና ልጅ እኮ ነው” ስትል ባሏ “ለልጅነቱ አይደለም የምንከፍለው” አላት። አንድ ወጣት አርባ ስድስት ቁጥር ማሊያውን ገልብጦ ለብሷል፤ ሰዎች አብረውት ፎቶ ይነሳሉ። ወንበሬ ላይ ስደርስ ጺማሙ ሰውዬ ተነስቶ እጁን ዘረጋልኝ። ዘጠኝ ዓመት ከኋላዬ ተቀምጦ እጁን ሲዘረጋልኝ የመጀመሪያው ነው።

“ባንተ ልጅ ቅር እንዳትሰኝ” አለኝ።

“የእኔ ልጅ አይደለም” አልኩት።

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አራት ለሦስት አሸነፍን። ሰው ሁሉ ምልክት ነው አለ። ገጼ ላይ “በመጨረሻ” ብዬ አንድ ቃል ጻፍኩ።

የጋሽ ኃይለየሱስ ወንበር ባዶ ነበር። ስልክም አያነሱም።

ዲሴምበር 20፣ ቅዳሜ

ማሩን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ጉንፋን የለባቸውም።

ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ አረጋውያን የሚከራዩት ሕንጻ ውስጥ። ሻይ ቀዱልኝ። ግድግዳው ላይ ለሕጻናት የሚሆን የፊደል ገበታ በፕላስተር ተለጥፏል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ደብተር ውስጥ ደግሞ ሀ ሁ ሂ ሃ በትልልቁ፣ መስመር እየሳተ ተጽፏል። የልጅ ልጅ የላቸውም። “የማን ነው?” አልኳቸው።

“ሰኞ ሰኞ ይመጣ ነበር” አሉኝ። “ከመስከረም ጀምሮ። አማርኛ የሚያስተምረው ሲፈልግ ሰው ወደ እኔ ላከው። እስኪችል ድረስ ሰው እንዳያውቅ ስለለመነኝ ነው ያልነገርኩህ።”

“ማን?”

“ናዖድ።”

ዘጠኝ ዓመት ጎኔ ተቀምጠው ደበቁኝ ብዬ መጀመሪያ የተናደድኩት በዚያ ነው። እሳቸው ግን ቀጠሉ። ረጋ ብለው ነበር የሚናገሩት፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዳ ሰው።

“የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ስልኩን ይዞ እየሳቀ ገባ። ፎቶው ሥር አማርኛ ተጽፎ አየ። ብዙ ሰው እንደተቀባበለውም አየ። ‘ስለ እኔ ጽፈዋል፣ ዛሬ እኔ ነኝ የማነብልዎት’ አለኝ። ከላይ ያለው ከበደው። ወደ መጨረሻው ወረደና አጭሯን መረጠ። እሱ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ ያነባል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ‘ጎበዝ’ እላለሁ። መነጽሬን አላደረግሁም ነበር። ‘ወ-ላ-ጆ-ቹ’ አለ። ጎበዝ። ‘ለ-ም-ን’። ጎበዝ። ‘እ-ን-ደ-ሰ-ጡ-ት’ ሲል ቆመ። ከዚያ በፊት በነበረው ሰኞ ‘ሰጠ’ን አርብተን ነበር፤ ሰጠሁ፣ ሰጠህ፣ ሰጠ፣ ሰጡ። ‘ይሄን አውቀዋለሁ’ አለኝ። ደስ ብሎት ነው ያለኝ፣ አክሊሉ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ በዝግታ ደገመው።”

መስመሯን እዚህ አልጻፍኳትም ነበር። ልጻፋት። “ወላጆቹ ለምን እንደሰጡት አሁን ገባኝ።”

“ምን አለ?” አልኳቸው።

“ምንም። ‘ገባኝ’ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት።”

ጎረቤት ያለ ቴሌቪዥን ይሰማል። እንደማያነብ ነበር የማውቀው አልኳቸው። ቀልድ ነው አልኳቸው። ቡድኑን ስለምወድ ነው፣ ተናድጄ ነው፣ ዘጠኝ መቶ ሰው የተቀባበለው ሁሉም ስለተሰማው ነው አልኳቸው። አቋርጠውኝ አያውቁም፤ አሁንም ጠበቁኝ።

“እኔም ተናድጄ ነበር” አሉ። “ፓኳን አቁሞ ሰው መፈለጉ ስሕተት ነው፤ ነግሬዋለሁ። ስለ ጨዋታው የጻፍከው ሁሉ ትክክል ነው። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት?”

ሻዩን ሳልጠጣው ወጣሁ። በሩ ላይ “ማሩን ውሰደው” አሉኝ።

ዲሴምበር 21

ወደ ታች የላኩት እኔ አይደለሁም። አማርኛ የማያነብ አሠልጣኝ ነው የላከው። በሠላሳ ሁለት ጨዋታ አንድ ጎል።

ፖስቱን ላጥፋው ብዬ ከፈትኩት። አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ዘጋሁት።

ዲሴምበር 22

ሰኞ ነው። ዛሬ ሄዶ ይሆን?

ዲሴምበር 27፣ ቅዳሜ

ግፊት 163 በ101። ፅጌ ናት የለካችኝ፤ ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ ቁጥሩን ስታይ ከንፈሯን ብቻ ነው የምትነክሰው።

ጽናት ደርሳበታለች። ጋሽ ኃይለየሱስ ለምን እንደቀሩ ስትጠይቀኝ ወሬ ቀየርኩባት፤ ገጼን ከፍታ በስልኳ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎመችው። የስልኩ ትርጉም ሌላውን ሁሉ አበላሽቶታል፤ ፓክ ያልኩትን ጥቅል ብሎታል፣ ዱላ ያልኩትን ምርኩዝ። የመጨረሻዋን መስመር ግን አንድ ቃል አልሳተም።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በእንግሊዝኛ “ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው?” አለችኝ።

“ቀልድ ነው፣ ጽኑ።”

“ከኔ እኮ በሁለት ዓመት ነው የሚበልጠው።”

“በሆኪ እንዲህ ነው የሚወራው። ስታዲየም ብትመጪ የሚባለውን ብትሰሚ…”

“እነሱ ስለ ጨዋታው ነው የሚሰድቡት” አለች። ከዚያ በአማርኛ፣ እየተደነቃቀፈች፣ “ባለፈው ወዶታል ስትለኝ ኮርቼ ነበር” አለች። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ሳታጋጨው፣ በቀስታ።

ፅጌ ሳህን እያጠበች ነበር። ዞር ሳትል “አንተ መስታወት ስትሰብር ፎቶህን ማንም አልለጠፈውም” አለችኝ። ሴፕቴምበር ላይ ያ ነገር ቤታችን ውስጥ እንዳይነሳ ብያት ነበር። እስከ ዛሬ አላነሳችውም።

ጃንዋሪ 7፣ ገና

አዳራሹ ሞልቷል። ጥሩነህ ትከሻዬን አቅፎ ጠረጴዛቸው ጋ ወሰደኝ። “ጸሐፊያችን መጣ” አለ። ከዚያ መስመሯን በቃሉ አለላቸው። በቃሉ ይዟታል። ስድስት ሰው ሳቀ፣ አንዲት እናት ዕቅፏ ውስጥ ሕጻን ይዛ ሳቀች። ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር፤ እሱና ሚስቱ ከኢትዮጵያ ልጅ በማደጎ ያመጡ መሆናቸውን ፅጌ በኋላ ነገረችኝ። ሰውየው ሰሃኑን አንስቶ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ።

ጥሩነህን ዝም በል ልለው እችል ነበር። “ተው፣ አይሆንም፣ ተሳስቼ ነው” የምትል አጭር ነገር ትበቃለች። አፌ ውስጥ ድፎ ነበር። ሌላ ቁራሽ ጨመርኩበት።

ጃንዋሪ 12

ጋሽ ኃይለየሱስ የድምፅ መልእክት ትተውልኛል። ሰባት ጊዜ ሰማሁት፣ ስለ ናዖድ ምንም የለበትም። “አክሊሉ፣ እንደምን አለህ? ወንበሬን ለፈለግከው ሰው ስጠው። ዓይኔ ሩቅ ማየት አልቻለም፣ ከእንግዲህ ቀረብ ብዬ ነው የማየው። ፅጌረዳንና ጽናትን ሰላም በልልኝ።” ዓይናቸው ምንም አልሆነም። ከላይኛው ፎቅ የተጫዋቹን የጫማ ክር ያያሉ።

ፖስቱን አጠፋሁት። አምስት ሰከንድ አልፈጀም። ከዚያ ስሜን አስገብቼ ፈለግሁት፤ አሥራ አንድ ቦታ ላይ በፎቶ ተቀድቶ ተቀምጧል። ከሥሩ “አክሊሉ እንዳለው” ይላል።

ጃንዋሪ 20

ሁለት ጨዋታ ብቻዬን አየሁ። ጺማሙ ሰውዬ ባዶው ወንበር ላይ ጃኬቱን ያስቀምጣል። አስፈቅዶኝ ነው። አሁን የሚጮኸው ሃያ ሰባት ቁጥር ላይ ነው፤ እሱንም ይላኩት ይላል። እንድስማማ ወደ እኔ ያያል።

ጃንዋሪ 24፣ ቅዳሜ

ታችኛው ቡድን የሚጫወተው እዚሁ ሳን ሆዜ ነው፣ ከትልቁ ስታዲየም በመኪና አሥር ደቂቃ። ሰው ወደ ታች ተላከ ሲባል ሩቅ አገር ይመስላል። ለፅጌ ጎማ ላስነፋ ነው ብያት ሄድኩ።

ትንሽ አዳራሽ ነች። ግማሹ ልጆች ናቸው፣ ወላጆቻቸው ስልካቸውን ያያሉ። መጨረሻው ረድፍ ላይ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ተቀመጥኩ። ናዖድ እዚህ ሌላ ሰው ነው። ሲገፉት ይገፋል። ፓኳን ሲያገኝ ቀና ይልና ሰው ይፈልጋል፤ ያው ያ ስሕተት ያልኩት ነገር ነው፣ ግን እዚህ አንድ ሰከንድ ትርፍ ስላለው ሰውየውን ያገኘዋል። ሁለት አቀበለ፣ አንድ አገባ። ንጹሕ ጎል፣ ከክንፍ ወደ ውስጥ ቆርጦ ገብቶ ከግብ ጠባቂው ትከሻ በላይ። እጄ ሊያጨበጭብ ተነሳ፤ መለስኩት። መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

በረዶውን ከከበበው መስታወት ሥር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጋሽ ኃይለየሱስ ተቀምጠዋል። ናዖድ በፊታቸው ሲያልፍ በዱላው ጫፍ መስታወቱን ነካ አደረገ። እሳቸው ጣታቸውን አነሱ፤ የጎሉን ማለታቸው ይሁን የሰኞውን ትምህርት አላውቅም። ሳያዩኝ ሦስተኛው ፒሪየድ ሳያልቅ ወጣሁ።

ጃንዋሪ 30

ጽናት ታናግረኛለች። ጨው አቀብለኝ፣ መኪናውን ነገ እፈልገዋለሁ፣ እሺ፣ ደህና እደር።

ሥራ ቦታ የፌብሩዋሪ የአሰልጣኝ ሾፌሮች ዝርዝር ወጣ። የለሁበትም። ሙስጠፋ “ጋሽ አክሊሉ፣ እኔ እኮ ስምዎትን ሰጥቼ ነበር” አለኝ። ማንም አልጠየቀውም ነበር። አመሰገንኩት፣ ፈጥኜ ወደ ባሴ ሄድኩ።

ፌብሩዋሪ 8፣ እሑድ

እንዳልረሳው አሁኑኑ መኪና ውስጥ ሆኜ እጽፈዋለሁ።

ዛሬ የታችኛው ቡድን ከጨዋታ በኋላ ለደጋፊ የሚፈርምበት ቀን ነው። ጋሽ ኃይለየሱስ አልመጡም፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ስለሆነ ኦክላንድ እህታቸው ጋ ይሄዳሉ፣ አውቃለሁ። አውቄ ነው የመጣሁት። ከቤት ተነስቼ እስክደርስ የምለውን ተለማምጄዋለሁ። “ስሜ አክሊሉ ነው። ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።” ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። አንድም ከባድ ቃል የለውም፣ እሱም እንዲረዳው ብዬ።

ወረፋው ውስጥ ከእኔ ፊት ሁለት ልጆችና አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ናዖድ በቴሌቪዥን ከሚታየው ይልቅ ቀጭን ነው። አገጩ ላይ የተሰፋ ቁስል አለው። ተራዬ ሲደርስ ፊቴን አየና ተነስቶ ቆመ። ለሌሎቹ አልተነሳም።

“ጤና ይስጥልኝ” አለኝ በአማርኛ። “እንደምን ዋሉ?”

እርስዎ ነው ያለኝ። ይህን ያስተማሩትን ሰው አውቃቸዋለሁ።

“እግዚአብሔር ይመስገን” አልኩት። ድምፄ ወጣ። ይቅርታ የምትለዋ ግን ከኋላ ቀረች።

“ሐበሻ… እዚህ ብዙ አይመጣም” አለ። ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሳ ነው። “ስለመጡ ደስ ብሎኛል። ስምዎት ማን ነው? በአማርኛ እጽፋለሁ።”

ፎቶውን ወደ ራሱ ሳበ፣ እስክሪብቶውን አዘጋጀ፣ ቀና ብሎ ጠበቀኝ። ያሸነፈኝ ያ አጠባበቁ ነው። ስሜን ብነግረው ፊቱ ላይ የሚሆነውን አየሁት፤ ገና ሳይሆን አየሁት።

“ሰረቀብርሃን” አልኩት። ያባቴ ታናሽ ወንድም ስም ነው፣ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

“ረጅም ነው” አለና ፈገግ አለ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ ቆመ። “ንጉሡ ሠ ነው፣ እሳቱ ሰ?”

“እንደመሰለህ ጻፈው፣ ልጄ።”

“አይ” አለኝ፣ እጁን እንዳቆመ። “መምህሬ የሰው ስም እንደመሰለህ አይጻፍም ይሉኛል። መጠየቅ ነው።”

ከኋላዬ ወረፋው ረዝሟል። “እሳቱ” አልኩት። ሰባቱንም ፊደል ምላሱን በከንፈሩ መሃል አድርጎ፣ አንዱንም ሳይሳሳት ጻፈው። ከላይ “ለጋሽ” ብሎ ጨመረበት። ፎቶውን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ፎቶው አሁን የጎን ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ቤት ይዤው ልገባ አልችልም፤ ጽናት ፊደሉን ባታውቅም እናቷ ታውቃለች፣ ሰረቀብርሃን ማነው ትለኛለች።